ከቨርኒሹ ሥር ያለው ጽድ

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ታላቅ እህቴ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ሳሎናችን መሃል ቆመችና ዙሪያውን አየች። ከዚያ፣ «ይሄ ግድግዳ መነሳት አለበት» አለች።

አባቴ ጥግ ካለችው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እየነካካ ነበር። «የቱ ግድግዳ?»

«ይሄ ጣውላ ነዋ አባዬ! የሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። እስቲ እየው፣ የድሮ የቀበሌ መዝናኛ ክበብ አይመስልም? ሽማግሌዎቹ ገብተው ድራፍት ቢያዙስ?»

«ካዘዙ እናቀርባለን» አለ አባቴ። ሬዲዮው ላይ ያለው ጣቱ ግን ቆሟል።

እውነቷን ነበር። ቤታችን ከላምበረት በላይ፣ ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ሳሎኑ ከወለሉ እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ዙሪያውን በጣውላ ተለብጧል። ጣውላው ወደ ጥቁር በሚያደላ ቀይ ቨርኒሽ ተቀብቶ፣ አምፖል ሲበራ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ሲጠፋ ደግሞ ቀኑን ያጨልመዋል። ከጣውላው በላይ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነው። ሶፋዎቹ ላይ ስንገዛቸው የመጡበት ፕላስቲክ አሁንም አልተነሳም። እዚያ ክፍል የሚቀመጠው እንግዳ ብቻ ነው፤ ከአባቴና ከሬዲዮው በስተቀር። እኛ የምንኖረው ከጀርባ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው።

ጣውላውን ያመጣው አባቴ ነው። በሰሜን መስመር የአውቶብስ ሹፌር ነበር። እኔ ሳልወለድ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ የጽድ ጣውላዎቹን አግኝቶ፣ በየጉዞው ጥቂት ጥቂቱን ከመንገደኞች ሻንጣ ሥር አውቶብሱ ጣሪያ ላይ እየጫነ አመጣቸው። ግድግዳው ላይ የመታቸውም ራሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጉልበቱ እሺ ባለው ጠዋት ላምበረት ወርዶ ከሹፌሮች ጋር ያወራል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ጉዞ በእጁ የቀረው፣ ከእኛ ሌላ፣ ይህ ግድግዳ ነው።

«ጂፕሰም ሠሪውን ለሰኞ ቀጥሬዋለሁ» አለች እህቴ። «ጣውላው ይነሳል፣ ነጭ ጂፕሰም ይገባል፣ በሁለት ቀን ያልቃል።»

አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው። «እንደፈቀድሽ» አለ።

እኛ ቤት አባቴ «እንደፈቀድሽ» ካለ ተጎድቷል ማለት ነው። እህቴም ይህን ታውቃለች፤ ግን የምትታጨው እሷ ናት፣ የምታፍረውም እሷ ናት። 

እኔ ብዙ አልናገርም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብደኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ በእግሬ ወደ ኋላ የምመለስ ሰው ነኝ። ሲ.ኤም.ሲ ያለው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ስብሰባ ላይ ሐሳቤን የምሰጠው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ ነው። ያን ዕለት ግን አባቴ ሬዲዮውን የዘጋበት አዘጋግ አስጨነቀኝ።

«እንጦጦ የተነሳሽው ፎቶ…» አልኩ።

«ምን?» አለች እህቴ።

«ከሱ ጋር የተነሳሽው። ካፌው ውስጥ።»

ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ተራራው ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ካሉት ካፌዎች በአንዱ እጮኛዋ ትከሻዋን አቅፏት ቆመዋል። ከጀርባቸው ምንም ያልተቀባ፣ የእንጨቱ ዓይን የሚታይበት፣ ሸካራ የጣውላ ግድግዳ አለ። ከጣውላው በላይ ነጭ ኖራ። ፎቶውን ስትልክልን «ቦታው ደስ አይልም?» ብላ ጽፋ ነበር።

«ይሄም ጣውላ ነው» አልኩ። «የኛም ቨርኒሹ ቢነሳለት…»

«እሱ እኮ ዲዛይን ነው! የኛ ድህነት ነው።»

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከማድ ቤት መጣች። ስልኩን ተቀብላ አራቀችው፣ አቀረበችው። «ገጠር ልታስመስሉት ነው እንዴ? እኔ ከገጠር የወጣሁት መልሳችሁ ሳሎኔ ውስጥ ልታመጡብኝ ነው?»

«አሁን ፋሽኑ እሱ ነው እማዬ» አለች እህቴ፣ ሳታስበው። ከአፏ እንደወጣ ወደኔ ዞራ ተቆጣች። «አየሽ አንቺ! ዝም ብለሽ ትቆዪና…» ሳቋን ግን መያዝ አልቻለችም። «እሺ። እስከ ረቡዕ ማታ። አንዱ ግድግዳ አልቆ ካላማረኝ ሐሙስ ጂፕሰም ይገባል። አባዬ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ሙሽሪት» አለ አባቴ፤ ከወንበሩም ተነሳ።

እኔ የአንድ ሳምንት ሥራ የሚሆን መሣሪያ እንገዛለን ብዬ ነበር። አባቴ ግን ከጓሮ የተሰበረ የመስኮት መስታወት ይዞ መጣ። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠርዙን ብቻ አወጣና ጣውላው ላይ አጋድሞ ወደ ራሱ ሳበው። ቨርኒሹ እንደ ቀጭን ቅርፊት ተጠቅልሎ ወደቀ። ደግሞ ሳበው። ሲነዳ እንዴት እንደነበር በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ መሪውን ጭብጥ አድርጎ አይዝም፣ በመዳፉ ብቻ ነው የሚያስኬደው። መስታወቱንም እንደዚያው። አይጫነውም። ጣውላው ራሱ ወደሚሄድበት ይከተለዋል። እኔ ተራዬ ደርሶ ስሞክር ሦስት ቦታ ጫርኩበት።

«ሚጣዬ፣ አትታገዪው» አለኝ። «አባብዪው።»

ቀስ በቀስ ከቀዩ ጥቁረት ሥር ሌላ እንጨት ወጣ። ስሙን የማላውቀው ቀለም ነበረው፤ የማርና የጽጌረዳ መካከል የሆነ። ዓይኖቹ እንደ ውሃ አዙሪት ይዞራሉ። በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትገው ደግሞ ሽታው መጣ። ጽድ ሲላጥ የሚወጣው፣ አፍንጫን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ሽታ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው እንጨት ትናንት የተቆረጠ መሰለ። አባቴ ሥራውን አቁሞ ግንባሩን ወደ ጣውላው አስጠግቶ ቆየ።

እናቴ ሽታው ጠርቷት ነው መሰለኝ በሩ ላይ ቆማለች። «ይሄ ነው እንዴ እንጨቱ?»

«ይሄ ነው።»

«እንዲህ የሚያምር?»

«ሳመጣው እንደዚህ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን አድርጎህ ነው በየፋሲካው በዚያ ቨርኒሽ የምታጠቁረው?»

አባቴ ዞረ። «አንቺ ስለወደድሽው ነዋ!»

«እኔ?»

«የቨርኒሹን ቆርቆሮ ገዝተሽ ያመጣሽው ማን ነው? ቤቱ ያለቀ ዕለት?»

«እሱማ ጎረቤት ሁሉ የሚያብለጨልጭ ሲያደርግ፣ አንተ ያንተ ደብዛዛ ሆነ ብለህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ አንተ አይደለህ በዓመት በዓመቱ ራስህ እየገዛህ የምትቀባው? እንዴት ቢወደው ነው እል ነበር።»

«እኔ እኮ… ገዝተሽ ያመጣሽውን እንቢ ልበልሽ?»

 ቨርኒሽ በተቀባ ቁጥር እናቴን ራሷን እንደሚያማት፣ ሻሽ ጠምጥማ ለሁለት ቀን እንደምትተኛ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን የበዓል ሥራ ድካም ነው ነበር የምትለን። ዘወር ብላ ማድ ቤት ገባች። ድስት ከድስት ሲጋጭ ሰማን። እህቴ አፏን በእጇ ይዛ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ ይሳቅ ወይስ አይሳቅ? እኔም አላውቅም ነበር።

ትንሽ ቆይታ እናቴ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ተመለሰች። «ወዲያ በል» አለችው አባቴን። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሴን በጥብጠኸኛል ሹፌር። ይሄንን ዛሬ እኔ ነኝ የምልጠው።»

ያን ጊዜ ነው የሳቅነው። አባቴም ሳቀ፤ ከሁላችንም በላይ እሱ ሳቀ። እንባውን በክንዱ ሲጠርግ የጽዱ ዱቄት ቅንድቡን ነጭ አድርጎት ነበር።

ረቡዕ ማታ እህቴ ከሥራ ስትመጣ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ አልቋል። በላዩ ያለውን አረንጓዴ ቀለም እኔ ፍቄ ኖራ ቀብቼዋለሁ። ኖራው ጭቃው ላይ ያለውን የእጅ መዳፍ ሞገድ ሁሉ እንዳለ ያሳያል፤ አልደበቅነውም። ገብታ ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች አላውቅም። ግድግዳውን በጣቷ ነካችና ስልኳን አውጥታ ለጂፕሰም ሠሪው ደወለች። «ሄሎ፣ ወንድም ጋሼ፣ ጂፕሰሙ ቀርቷል። አይ፣ ቀርቷል ነው የምልዎት። አይ፣ ሌላ ሰው አይደለም የሚሠራው፣ አባቴ ነው።» ይህን የመጨረሻውን ያለችበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አባቴ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ አራታችንም ገባንበት። እህቴ ጥፍሮቿን ለእሁድ ስትንከባከብ ከርማ በአንድ ምሽት ጨረሰቻቸው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጧፍ ከምትሠራ ሴት ንጹሕ ሰም ገዝታ መጣች። የተልባ ዘይቱን አሙቄ ሰሙን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ እቤቴ የጠቀመኝ ያኔ ነው። ዓርብ ማታ በጨርቅ እየነከርን ቀባነው። እንጨቱ እየጠጣ፣ ቀለሙ እየሞቀ ሲሄድ ማየት ከመብላት በላይ ያጠግብ ነበር። አንዲት ጣውላ ብቻ ቀረች፤ ከቡፌው ጀርባ ያለችው። ቡፌው ከባድ ነው፣ ሰዓቱም መሽቷል። «ማን ያያታል» አለ አባቴ። «ሰኞ እጨርሳታለሁ።»

አንድ ነገር ግን አሳስቦኝ ነበር። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ አየር እየሳበ ነው የሚጠነክረው። በጥቅምት ብርድ ደግሞ ይዘገያል። «እሁድ ላይ ላይደርቅ ይችላል» ብዬ ተናግሬ ነበር። ግን የተናገርኩት ሦስቱም በአንድ ላይ በሚያወሩበት ጊዜ፣ በኔ ድምፅ ነው። ቅዳሜ ማታ በጣቴ ስነካው አሁንም ይይዛል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። የልጁ ወላጆችና የኔ ወላጆች በነገሩ ከተስማሙ ቆይተዋል፤ ልብስ እንኳ ተመርጧል። ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው። እህቴ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተደብቃለች። እኔ ሳሎኑ በር ላይ ቆሜያለሁ።

አባቴ ሶፋውን እያሳየ፣ «አረፍ በሉ እንጂ» አለ። ለዚያን ቀን ፕላስቲኩ ተነስቷል።

«የለም» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት። «የመጣነው ለጉዳይ ነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ይህንን ረስተነው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ሲያዩ ነው በሐሳባችን የምናየው። ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ እንደሚቆም፣ የቆመ ሽማግሌ ደግሞ እንደሚደክመው ማንም ትዝ አላለውም። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው ዳገት ወጣት ያስተነፍሳል። ትልቁ ሰውዬ «ልጃችሁን ለልጃችን…» ብለው ጀምረው ትንፋሽ ለመሳብ ቆም አሉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ትከሻቸው ወደ ግድግዳው ዘመም ሲል አየሁ።

«አባባ! ግድግዳው እንዳይነካዎት!»

ድምፁ የኔ ነው ብዬ ለማመን ቸገረኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሰውዬውም በድንጋጤ ዞሩ፤ ሲዞሩ ግን ጋቢያቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረና ቀስ ብሎ ተላቀቀ። ነጩ ጋቢ ትከሻው ላይ የማር ቀለም ያለው ሰፊ እድፍ ይዟል። ከጓዳ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። 

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አሸተቱት። «ጽድ ነው» አሉ። ደግመው አሸተቱ። «ሰምም አለው።»

«ይቅርታ ያድርጉልን» አልኩ። «የተልባ ዘይት ነው። አልደረቀም።»

«እኛ ገና ጉዳያችንን ሳንጨርስ እናንተ ቀባችሁን» አሉ፤ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «እንግዲህ ምን ይደረጋል? የተቀባ ሰው ሌላ ቤት አይሄድም!»

ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ። ከጓዳም ታፍኖ የማያውቅ የእህቴ ሳቅ መጣ፤ ትልቁ ሰውዬ ወደ ገርበብ ያለው በር ጣታቸውን ቀስረው፣ «ሰማናት! እሺ ብላለች!» አሉ። ከዚያ በኋላ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ፣ አውቀው አሳረፉት። ካረጀ በኋላ እንዲህ የሚሸት እንጨት ከልጅነታቸው ወዲህ አለማየታቸውን ተናገሩ። «ማን ነው የሠራው?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ስለ ራሱ መናገር አይወድም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጣውላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያስጌጡት ግን እነሱ ናቸው» አለና በእጁ እናቴን፣ እኔን፣ የጓዳውን በር አመለከተ። ከደብረ ብርሃን እንዴት እንዳመጣው ተጠይቆ ማውራት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሳይታወቃቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡታል። እሺታው ለሌላ እሁድ ተቀጠረ፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ስንሸኛቸው እህቴ ከጓዳ ወጥታ አባቴን ከኋላው አቀፈችው።

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ለሥራ ለባብሼ ስወጣ ሳሎኑ ውስጥ ወሬ ሰማሁ። አባቴና እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ፕላስቲኩ አልተመለሰም። ሻይ ይዘዋል። ፀሐይ ከጽዱ ላይ ተንጸባርቃ የእናቴን ፊት ሞቅ አድርጋዋለች። አባቴ ጨርቅ የተጠቀለለውን መስታወት ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።

«ያችን ከቡፌው ኋላ ያለችውን ልጨርሳት ነው» አለኝ።

«እሷን እንኳ ተዋት ብዬው ነበር» አለች እናቴ። «ግን መጨረስ ከፈለግህ…»

«አይ፣ አንቺ ትቅር ካልሽ ትቅር።»

«አንተ ጎደሎ ሆነች ብለህ እንዳይከፋህ ነው እንጂ እኔማ…»

«እኔ ምን ይከፋኛል? አንቺ ደስ ካለሽ…»

ተያዩ። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈገግ ብዬ እወጣ ነበር። «እኔ እንድትቀር እፈልጋለሁ» አልኩ። «እንደተቀባች። እንድትታይም እፈልጋለሁ።»

ቦርሳዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ በቡፌው ጥግ ገባሁና በትከሻዬ ገፋሁት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አባቴ መስታወቱን ጥሎ በወዲያኛው ጫፍ ያዘ፤ እናቴም «ሳህኖቼን! ሳህኖቼን!» እያለች መጥታ አብራን ገፋች። ቡፌው ተንቀሳቀሰ። ከጽዶቹ መካከል ጥቁርና ቀይ ሆና፣ ፀሐዩን እንደ መስታወት እየመለሰች፣ አንዲት ጣውላ ወጣች። ፊቷ ላይ ያለውን አቧራ በመሐረቤ ጠረግሁላት። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ፣ ጽድ ጽድ በሚሸት እጄ፣ ታክሲ ልይዝ ዳገቱን ወረድኩ።